የሞተው ረቂቅ መርዶ አልደረሰንም

ኖቬምበር 3 ቀን 2025
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ይድረስ ለተከበሩ የኮሎራዶ ተወካዮች ምክር ቤት አባላችን፣
ካፒቶል፣ ዴንቨር

ግልባጭ፦ ለአውሮራና ለዴንቨር ሐበሻ በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የዚህን ደብዳቤ እንግሊዝኛ ልጄ አዘጋጅታ በኢሜይል ልካልዎታለች። የእሷ ግን ትንሽ ለስለስ ብሏል። «አባዬ፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም» እያለች ሲሶውን አውጥታዋለች። ይሄኛው ያልተነካካው ነው። በአማርኛ የጻፍኩት ምን እንደጠየቅኩዎት ጎረቤቶቼም እንዲያውቁት ነው። አንዳንዱን ነገር ለእነሱ ስል ከሥሩ አስረዳለሁ። እርስዎ የሚያውቁት ሲመጣ ይለፉት።

እኔ በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የማመላልስ ሾፌር ነኝ። ነገሩ የጀመረው በአንድ ወረቀት ነው። የዘንድሮው የሕግ አውጪዎች ጉባኤ ሜይ 7 ተዘጋ። ሳምንታት ቆይቶ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ የሚያብለጨልጭ፣ ካርቶን የመሰለ ወረቀት አገኘሁ። ፊቱ ላይ እርስዎ ነዎት፤ ከበስተኋላዎ ተራራ። ጀርባው ላይ «ለእናንተ ያሳለፍኳቸው ሕጎች» የሚል ዝርዝር አለ። ቆጠርኳቸው፣ ስምንት ናቸው። የእኛ የለም።

የእኛ የምለው ፌብሩዋሪ ላይ ሃቫና ጎዳና አጠገብ ወዳለችው ቡና ቤት መጥተው የነገሩንን የሕግ ረቂቅ ነው። አቦሉን ጠጥተው፣ ቶናው ሳይደርስ ተነሱ። አልቀየምንም፣ ሥራ አለብዎት። የረቂቁን ቁጥር ናፕኪን ላይ ጽፈው ሰጡን። ናፕኪኑ እስካሁን መኪናዬ ውስጥ አለ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ቁጥሩን መጻፍ ስምዎን መጻፍ ነው፤ ይሄ ደብዳቤ ደግሞ ሰው ለማሳጣት አልተጻፈም።

ልጄን «እስቲ ፈልጊልኝ» አልኳት። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ሁሉም ረቂቅ በቁጥሩ ተቀምጧል። ይሄንን አልክድም፣ ለሚያነብ ሰው ሁሉም ተጽፏል። ከቁጥሩ ሥር ያለውን በአማርኛ ስትነግረኝ «ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል ይላል» አለችኝ።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ላልተወሰነ ጊዜ መተላለፍ እኛ አገር ምን እንደሆነ የማያውቅ አለ? ፈተና ይተላለፋል። የኳስ ጨዋታ ይተላለፋል። ምርጫም ይተላለፋል። ይዘገያል እንጂ አንድ ቀን ይመጣል። ኤርፖርቱ ጋ ተራ ስንጠብቅ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። «አልሞተም፣ ተላልፏል» አልኩ። አንዱ «ለመቼ?» አለ። «ላልተወሰነ» አልኩት። «ይሁን፣ ለምደነዋል» አለና ተሳሳቅን።

ለካ ሞቶ ነበር።

እዚህ «ላልተወሰነ ጊዜ ማስተላለፍ» ማለት መግደል ነው። ኮሚቴው ድምፅ ይሰጥና ረቂቁ እዚያው ያበቃለታል። በዚያ ጉባኤ አይነሳም። ካፒቶል፣ የሕግ አውጪዎቹ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሳጥረው «ፒአይ ተደረገ» ይሉታል፣ ልክ አንድ ሰው ሻይ ጠጣ እንደማለት። ይሄንን የነገረኝ አንድ የማመላልሰው የጠበቃ ቢሮ ሠራተኛ ነው። መኪናዬ ውስጥ፣ ፔኛ ቡሌቫርድ ላይ። ሁለት ወር ሙሉ የሞተ ነገር ስጠብቅ ነው የከረምኩት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ልንገርዎት። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ ጎህ ሳይቀድ ይመጣል። እዚህ አሜሪካም እንደዚያው ነው። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በርህ ላይ አምስት መኪና ቆሞ ካየህ፣ ሰው አፉን ሳይከፍት ልብህ ያውቀዋል። ይከብዳል፣ ግን ክብር አለው። ሟቹ ሰው እንደነበረ፣ አንተም ሰው እንደሆንክ ያሳያል። መርዶ ሳይነገረው የቀረ ሰው ከሐዘኑ በላይ የሚያንገበግበው ያለመነገሩ ነው። «እኔ እየሳቅኩ እነሱ ቀብረውታል» ይላል።

እኛም እየሳቅን ቀበሩት።

ሕግ ሆኖ ያልወጣው ሁሉ ጥፋቱ የእርስዎ ነው አላልኩም። የአሠራሩን ጥበት ጓደኞቼ ስለማያውቁት ትንሽ ልዘርዝረው። የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች አንድ መቶ ናቸው፤ 65 በተወካዮች ምክር ቤት፣ 35 በሴኔት። ጉባኤው ጃንዋሪ ላይ ተከፍቶ 120 ቀን ይቆያል። አንድ አባል በዋና አቅራቢነት ማቅረብ የሚችለው በደንቡ አምስት ረቂቅ ብቻ ነው። አምስት! አንዳንድ ልዩ ፈቃዶች ስላሉ በየዓመቱ ከ600 በላይ ረቂቅ ይቀርባል፣ መሠረቱ ግን ያው አምስት ነው። አምስት ጥይት ይዞ አደን እንደመውጣት በሉት።

ስለዚህ ከአምስቱ አንዱን ለእኛ ማዋልዎ ትልቅ ነገር ነበር። ያንን የገባኝ ከሞተ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢገባኝ ኖሮ ቶናውን ይዤ መኪናዎ ድረስ እሸኝዎት ነበር።

ታዲያ ወረቀቱ ላይ ስምንት ሕግ ከየት መጣ? ይሄንንም ልጄ አጣራችው። ሁለቱ የእርስዎ ናቸው። የቀሩት ስድስቱ ሌላ ሰው ያቀረባቸው፣ እርስዎ በተባባሪነት የተጨመሩባቸው ናቸው። አዲስ ለሆነ አንባቢ፦ እዚያ ቤት ሦስተኛውና የመጨረሻው ንባብ ላይ ድምፅ ተሰጥቶ ረቂቁ ካለፈ በኋላ «ስሙን የሚያስጨምር አለ?» ይባላል። የፈለገ ስሙን ያስጨምራል። ሕገ ወጥ አይደለም፣ ድጋፍ ማሳያ ነው። ግን በእድር ቋንቋ ልናገረው። ድንኳን የተከለ አለ፣ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ አለ። ሁለቱም ለቀስተኛ ናቸው። የተቀመጠው ግን «እኔ ተከልኩት» ብሎ ወረቀት አያሳትምም።

ይሄን ስጽፍ ልጄ «ይሄ ይውጣ» ብላ ነበር። እንግሊዝኛው ላይ ወጥቷል።

እኔ ካፒቶል የገባሁት አንድ ጊዜ ነው፣ በ2023። ያኔ በስልክ መተግበሪያ ለሚሠሩ ሰዎች ግልጽነት የሚጠይቅ ረቂቅ ነበር፤ ቁጥሩ ኤስቢ23-098። ይሄን ቁጥር መጻፍ አያሳፍረኝም፣ የሴኔት ነው፣ የእርስዎ አይደለም። ለምን እንደሄድኩ ላሳጥረው። የምሠራበት አንድ ኩባንያ አካውንቴን ዘጋው። ስሙን አልጠራም። አንድ ተሳፋሪ አቤቱታ አቅርቦብሃል ተባልኩ። ምን ብሎ? አይነገርም። ማን? አይነገርም። ማንን ላነጋግር? መልስ የሚሰጠኝ ማሽን ነው። «ስላገኘኸን እናመሰግናለን» ይለኛል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቤት ተቀመጥኩ። በሃያኛው ቀን ምንም ሳይባል ተከፈተ። እስከ ዛሬ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ይቅርታም፣ ምስክርም፣ ፍርድም የለም። እንዲሁ ተዘጋ፣ እንዲሁ ተከፈተ።

ያን ቀን ለምስክርነት ተራ ከምንጠብቅበት የኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ሃያ ስድስት ሰው እንሄዳለን ብለን ነበር። አራት ሆነን ተገኘን። ብርድ ነበር። የካፒቶሉ ደረጃ ላይ ቱሪስት ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል። ከደረጃዎቹ በአንዱ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ልክ አንድ ማይል ነው ተብሎ ተጽፎበታል። ዴንቨር በዚህ ትኮራለች። አንድ ማይል 1,609 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እኛ ቁልቁል ነው የወረድነው። ይሄን ቀልድ ለአንዲት ቱሪስት ነገርኳት፣ አልሳቀችም።

ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው? ስንል «የዕለቱ ጉባኤ እንደተነሳ» ተባልን። ጉባኤው መቼ ይነሳል? ሲነሳ። ለእናንተ ይሄ የተለመደ ነው። በሰዓት ለሚሠራ ሰው ግን «እንደተነሳ» የሚባል ሰዓት የለም። ውጪ የመኪና ማቆሚያው ሒሳብ ይቆጥራል። ስልኬ ላይ ጥሪ ይመጣል፣ አልቀበልም። ተራዬ ሲደርስ ሁለት ደቂቃ ተሰጠኝ። እኔ የሰባት ደቂቃ ወረቀት ነበር የያዝኩት። ስሜን፣ ከተማዬን ተናግሬ አሥራ ዘጠኙ ቀን ላይ ስደርስ አለቀ። ሊቀመንበሯ በጨዋ ደንብ አመሰገነችኝ። አንድ ሴናተር ቀና ብሎ አየኝ። ወጣሁ።

ረቂቁ በዚያው ጉባኤ ሞተ። ማንም አልነገረኝም። እዚያ ሄጄ ስሜን አስመዝግቤ፣ ኢሜይሌን ሰጥቼ፣ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። የሞተውን ሰው ቀብር ሬሳው ከተነሳበት ቤት ሆኜ ሳልሰማ ቀረሁ።

ቆይቶ ግን ተነሳ። በ2024 ኤስቢ24-075 ተብሎ ሌላ ረቂቅ መጣ፣ አለፈ፣ ገዥው ጃሬድ ፖሊስ ጁን ላይ ፈረሙበት። ዋናው ቁም ነገሩ ሁለት ነው። ኩባንያው ተሳፋሪው የከፈለውንና ሾፌሩ ያገኘውን ለሾፌሩ ያሳየዋል። አካውንት የሚዘጋበት ምክንያት ደግሞ በጽሑፍ ይታወቃል፣ ሾፌሩም እንደገና ይታይልኝ ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ ይኖራል። በ2025 ሥራ ላይ ሲውል ስልኬ ላይ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አየኋቸው። መኪናውን ጠርዝ አስይዤ ቆሜ አየሁት። ልዩነቱ ያበሳጫል፣ ግን ማየት ራሱ አንድ ነገር ነው። ድሮ በጨለማ ነበር የምንበሳጨው።

የተናገርኳት ሁለት ደቂቃ እዚያ ሕግ ውስጥ ገብታ እንደሆነ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ጓደኛዬ «ገብታለች» ይላል። እሱ ሰውን ማጽናናት ይወዳል።

ይሄን ታሪክ ያመጣሁት ለምን መሰለዎት? እዚህ ረቂቅ አንድ ጊዜ ሞቶ አያልቅም። የተከራዮቹን ይውሰዱ። ያለ በቂ ምክንያት ተከራይን ማስወጣት የሚከለክለው ረቂቅ በ2023 ኤችቢ23-1171 ተብሎ የተወካዮች ምክር ቤትን አለፈ። ሴኔት ሲደርስ ድምፅ ሳይሰጥበት ጉባኤው ተዘጋና ቀረ። በ2024 ኤችቢ24-1098 ሆኖ ተመለሰ። አለፈ፣ ኤፕሪል ላይ ተፈረመ። ዛሬ አንድ ዓመት የኖረን ተከራይ አከራዩ ያለ ምክንያት ውጣ ማለት አይችልም፤ አንዳንድ የተለዩ ሁኔታዎች አሉ። እኔ የማውቃት አንዲት እናት፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ በዚህ ሕግ ቤቷን አላጣችም። በ2023 ረቂቁ ሞቷል ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ደግሞ በዚያው ዓመት ከተሞች የቤት ኪራይ ጣሪያ እንዲያወጡ የሚፈቅደው ኤችቢ23-1115 ሴኔት ኮሚቴ ውስጥ ሞተ። እሱ አልተነሳም። የሚነሳውንና የማይነሳውን ካልነገራችሁን እኛ በምን እንለየው? አንዱን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፣ አንዱን ሳይሞት እንቀብራለን።

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ይሄን ሁሉ ሳወራው «አንተስ ታድለሃል» አለኝ። እዚያ የኮሚቴ ሊቀመንበር ረቂቁን ድምፅ ሳያሰጥበት መሳቢያው ውስጥ ማስቀረት ይችላል። ጉባኤያቸው ዘጠና ቀን ነው። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ረቂቁም አብሮ ያልቃል። ማን ገደለው? መሳቢያው። ኮሎራዶ ግን በ1988 ሕዝቡ በድምፁ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ይሄን ከልክሏል። እያንዳንዱ ረቂቅ ኮሚቴ ውስጥ ቀርቦ ድምፅ ሊሰጥበት ይገባል። ስለዚህ የእኛ ረቂቅ ሲሞት የገደሉት ሰዎች ስም አለ፣ እጃቸውን ያወጡበት ቀንም አለ። እናንተ ከሜሪላንድ የተሻለ ነገር ይዛችሁ አልተጠቀማችሁበትም ነው የምለው። ድምፁ ተሰጥቶ፣ ተመዝግቦ፣ እኛ ጆሮ ሳይደርስ ከቀረ ለእኔ ያው መሳቢያ ነው። ትንሽ ሰፊ መሳቢያ።

አንዳንዱ ሞት ደግሞ የገንዘብ ነው፣ ይገባኛል። ከ1992 ጀምሮ ታቦር የሚባለው ሕግ አለ። ስቴቱ ሕጉ ከወሰነው ጣሪያ በላይ የሰበሰበውን ገቢ ለሕዝቡ ይመልሳል፤ ግብር ለመጨመርም ሕዝብ ድምፅ መስጠት አለበት። ዘንድሮ በጀቱ ላይ ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉድለት ነበር። ኦገስት ላይ ደግሞ በዚሁ በበጀት ጣጣ ለልዩ ጉባኤ ተጠርታችኋል። ገንዘብ የሚጠይቅ ረቂቅ በእንዲህ ያለ ዓመት የሂሳብ ኮሚቴ ሲደርስ ትንፋሹ ይቆረጣል። ይሄን ብትነግሩን እንቀበላለን። «ገንዘብ የለም» የሚለው ቃል እኛ ቤት አዲስ አይደለም።

ገዥው እንኳን ከእናንተ ይሻላሉ፤ በዚህ ነገር ማለቴ ነው። ዘንድሮ ኤችቢ25-1291 የሚባል ረቂቅ ሁለቱንም ምክር ቤት አልፎ ጠረጴዛቸው ደረሰ። ስለ ተሳፋሪ ደህንነት ነው። የሾፌር ማንነትና ታሪክ ቶሎ ቶሎ እንዲጣራ፣ ጉዞው በድምፅና በምስል እንዲቀረጽ የሚል ነገር ነበረበት። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱ ይሄ ከጸደቀ ኮሎራዶን ለቅቄ እወጣለሁ ብሎ ነበር። እኛ ሾፌሮች ተከፋፈልን። ግማሹ «በዚህ ሰበብ አካውንታችን ይዘጋል» ብሎ ፈራ። እኔ ካሜራውን ደግፌ ነበር። አሥራ ዘጠኙ ቀን ካሜራ ቢኖረኝ ኖሮ አሥራ ዘጠኝ ቀን አይሆንም ነበር። ደግሞ ልጄ ማታ ከሥራ ስትወጣ በማታውቀው ሰው መኪና ነው የምትመጣው።

ገዥው ሜይ ላይ ውድቅ አደረጉት። ጉባኤው ተዘግቶ ስለነበር ተሰብስቦ የሚሽረውም አልነበረም። አልተስማማሁም። ግን ለምን እንደገደሉት በደብዳቤ ጻፉ። ምክንያታቸውን አንብቤ ተናድጄ፣ ልክ ያሉትንም አንድ ሁለት ቦታ አግኝቼ ተኛሁ። መርዶ ማለት ይሄ ነው። የገደለው ሰው ራሱ መጥቶ ተናገረ። ኮሚቴ ውስጥ ለሞተው ረቂቅ ግን ይሄን የሚጽፍ የለም።

እንግዲህ የምለምነው ይሄንን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ሲታተም ጀርባው ላይ ግማሽ ገጽ ለሞቱት ይተውልን። አምስት ረቂቅ አቅርበው ሦስት ከሞተ ሦስቱን ይጻፏቸው። የት ሞተ፣ በስንት ለስንት፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል፣ ተመልሶ ይመጣል ወይስ አይመጣም። ሌላው ያቀረበውን «የእኔ» አይበሉት፣ «ደግፌዋለሁ» ይበሉት፤ እሱም ይከበራል። ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቃሉን ለሰጠ ሰው ደግሞ አንድ አጭር ኢሜይል ይላክለት። በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ግዴለም። ልጆቻችን ይተረጉሙታል። «የመጣህበት ረቂቅ ትናንት አልፏል» ወይም «ሞቷል» የሚል አንድ መስመር። ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።

ሌላም አለኝ። ሁሌ የምትጎበኙን ጉባኤው ከተጀመረ በኋላ ነው። ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ስለ ረቂቁ ለማብሰር ይሆናል። ግን አምስቱን ረቂቅ የምታስመዘግቡት ቀደም ብሎ ነው፤ አብዛኛው የሚገባው እስከ ዲሴምበር 1 ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ስትመጡ ምግቡ ተሠርቶ «ጨው ልጨምርበት?» እንደማለት ነው። እኛ ሽንኩርቱ ሲከተፍ ነው መገኘት የምንፈልገው።

አሁን ትንሽ ወደ ግልባጩ ልዙር። ወገኖቼ፣ እናንተም አለባችሁ።

ሃያ ስድስት ብለን አራት ሆንን። እድራችን ቀብር ለቀረ ሰው ይቀጣል። ይሄን ሳስብ ካፒቶል ለቀረውም መቅጫ ማውጣት አማረኝ። «ዜጋ አይደለሁም፣ ምን አገባኝ» የሚል ብዙ ሰው አለ። ለምስክርነት ዜግነት አይጠየቅም። ድምፅ ለመስጠት ነው የሚጠየቀው፣ ለመናገር አይደለም። እንግሊዝኛዬ ይሰበራል የሚልም አለ። የእኔን ሰምታችሁታል። ደግሞ አሁን መሄድም ግዴታ አይደለም፤ ቀድሞ ተመዝግቦ በዙም መመስከር ይቻላል። ኤርፖርቱ ጋ ተራ ስትጠብቁ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ሁለት ደቂቃ። ተሳፋሪ የሌለበት ደቂቃ ስንት ነው በቀን?

አገር ቤት ሕግ የምናውቀው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። አባቶቻችን ደግሞ ነጋሪት ተጎስሞ፣ «ስማ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ» ተብሎ ነው የሚሰሙት። እዚህ ነጋሪት የሚጎስም የለም። ድረ ገጹ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሄዶ ማየት የእኛ ፈንታ ነው። ናፕኪን መኪና ውስጥ አስቀምጦ ሁለት ወር መሳቅ፣ እሱ የእኔ ጥፋት ነው። እርስዎ ላይ አልጥለውም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ላይቤሪያ የተወለዱት ናኬታ ሪክስ በ2020 ከአውሮራ ለዚያ ምክር ቤት ሲመረጡ ብዙ ሐበሻ ደስ ብሎት ነበር። ከአፍሪካ መጥቶ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ እንደሚቻል አየን። ከተማችን ከአዳማ ጋር እህትማማች ናት፣ ዴንቨር ከአክሱም ጋር። እነዚህ ነገሮች ደስ ይላሉ፤ በዓል ሲሆን ባንዲራ ይዘን ፎቶ እንነሳለን። እኔ ግን ከፎቶው ይልቅ የሞተውን ረቂቅ ዝርዝር ብታሳዩኝ እመርጣለሁ።

የሚቀጥለው ጉባኤ ጃንዋሪ 14 ቀን 2026 ይከፈታል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ደግሞ 65ቱም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ለምርጫ ይቀርባሉ። ያኔ በራችንን እንደሚያንኳኩ አውቃለሁ፣ እንከፍታለንም።

ግን ከዚያ በፊት፣ ዲሴምበር 1 ሳይደርስ አንድ ጊዜ ይምጡ። ኖቬምበር 22 ቅዳሜ ነው። እዚያችው ሃቫና አጠገብ ያለችው ቡና ቤት፣ በእኛ ሰዓት ጠዋት ሦስት፣ በእርስዎ ዘጠኝ። ሃያ ስድስት ሰው ቃል አልገባም። አሥር ግን አናንስም፣ ካነስን ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ። ናፕኪኑን ይዤው እመጣለሁ። ያ ረቂቅ ለምን እንደሞተ ከአፍዎ እንሰማለን። ከዚያ ከአዲሶቹ አምስት ውስጥ አንዱ ላይ ምን እንደሚጻፍ እናወራለን።

ቡናው በረካ ድረስ ነው። በአቦል አይነሱም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአውሮራ ሾፌር